ግራፊክስ ካርድ እየደጋገመ ሲያስቸግር፦ ከድሬዳዋ የተጻፈ የፍተሻ መመሪያ

ባለፈው ግንቦት አንድ ልጅ ከገንደ ቆሬ እኔ እስካለሁበት ሳቢያን ሰፈር ድረስ ኮምፒውተሩን በባጃጅ ይዞ መጣ። ኬዙን እንደ ሕፃን ታቅፎታል። ገና ከበሩ ሳይገባ «አቦ፣ ካርዱ ተቃጥሏል። ሌላ ልገዛ ነው» አለኝ። ገንዘቡን ከአጎቱ ተበድሮ በኪሱ ይዟል። ጌም ከጀመረ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ስክሪኑ ይጠቁራል። ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል።

ካርዱ፣ ማለትም ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ፣ አልተቃጠለም ነበር። ዛሬም እየሠራ ነው። ምን ሆኖ እንደነበር ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

እኔ የምተዳደረው የሠርግ ቪዲዮ በማቀናበር ነው። አራት ሰዓት የሚፈጅ ሬንደር (የተቀናበረውን ቪዲዮ ወደ መጨረሻ ፋይል ማውጣት) ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሲሞት ምን እንደሚሰማ አውቃለሁ። ሙሽሮቹ ነገ ይመጣሉ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። በዚህ ምክንያት ፍተሻውን ቀስ በቀስ ተማርኩት። የጓደኞቼንና የጎረቤቶቼንም ማየት ጀመርኩ። በእጄ ካለፉት መካከል «ሞቷል» ተብለው መጥተው በሕይወት የተመለሱት ይበልጣሉ።

ብዙ መመሪያዎች ድራይቨር (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበትን ሶፍትዌር) ቀይሩ ብለው ይጀምራሉ። ድሬ ላይ እኔ ከሙቀት፣ ከአቧራና ከመብራት እጀምራለሁ። ከተማችን ሞቃት ናት፣ አቧራዋም ብዙ ነው፣ መብራቱም ከፍ ዝቅ ይላል። እነዚህን ሳታጠሩ ሶፍትዌር ላይ ሁለት ቀን ብታጠፉ ድካም ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉም ምንም ከማያስከፍለው ወደሚያስከፍለው ነው የሚሄደው። አዲስ ካርድ መግዛት መጨረሻ ላይ ነው።

1. ደብተር አምጡ

ኬዙንም ዊንዶውሱንም ገና አትንኩ። መጀመሪያ ለሦስት ወይም ለአራት ቀን መዝግቡ። ካርዱ በተቋረጠ ቁጥር አራት ነገር ጻፉ። ስንት ሰዓት ነበር? ምን እየሠራችሁ ነበር? ከተከፈተ ምን ያህል ጊዜ ሆኖት ነበር? በዚያ ሰዓት መብራቱ እንዴት ነበር?

ሰዓቱ ብዙ ይናገራል። ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ እየተቋረጠ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ከሆነ ሙቀትን ጠርጥሩ። ማታ ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ምጣድ ሲጥድ የሚቋረጥ ከሆነ መብራቱን ጠርጥሩ። ሰዓት የማይመርጥ፣ አንድ ፕሮግራም ስትከፍቱ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ወደ ድራይቨሩና ወደ ፕሮግራሙ ሂዱ።

ከዚህ በኋላ በምታደርጉት ሁሉ አንድ ሕግ ይኑራችሁ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። አቧራ ጠርጋችሁ፣ ድራይቨር ቀይራችሁ፣ ኬብልም ለውጣችሁ በአንድ ቀን ብታስተካክሉት የትኛው እንደፈወሰው አታውቁም። ችግሩ ከወር በኋላ ሲመለስ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

2. አወዳደቁን ለዩ

«ካርዱ ተቋረጠ» የሚባለው ነገር ብዙ መልክ አለው። ስክሪኑ ለአፍታ ጠቁሮ ከተመለሰና ጌሙ ብቻ ከተዘጋ ዊንዶውስ ድራይቨሩን ራሱ ዳግም አስነስቶታል ማለት ነው። ዊንዶውስ ካርዱ ለ2 ሰከንድ መልስ ካልሰጠው ተስፋ ቆርጦ እንደገና ያስነሳዋል። ማስነሳቱ ካልተሳካ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፤ ላዩ ላይም ብዙውን ጊዜ «ቪዲዮ ቲዲአር ፌይለር» የሚል ጽሑፍ ይኖራል።

ስክሪኑ ጠፍቶ የካርዱ ፋን በሙሉ ኃይሉ ከጮኸና ድምፁ ግን ከስፒከር መውጣቱን ከቀጠለ፣ ኮምፒውተሩ እየሠራ ነው፣ ካርዱ ብቻ ነው የወደቀው። ይሄኔ ሙቀትን ወይም ለካርዱ የሚሄደውን ኃይል ፈትሹ።

ኮምፒውተሩ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ድርግም ብሎ ከጠፋ ወይም ወዲያው ሪስታርት ካደረገ፣ ወደ ፓወር ሰፕላዩ (ከግድግዳው የመጣውን ኃይል ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች ወደሚያከፋፍለው ሳጥን) እና ወደ ግድግዳው ሶኬት ተመልከቱ።

አረንጓዴ ወይም ሮዝ ነጠብጣብ፣ ቋሚ መስመር፣ የተበጣጠሰ ምስል የሚታያችሁ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አረጋግጡ። ዊንዶውስ ሳይገባ በፊት፣ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥም ይታያል? እዚያም ከታየ ጥፋቱ የድራይቨሩ አይደለም። መጀመሪያ ኬብሉንና ሞኒተሩን ቀይራችሁ ሞክሩ። ካልለቀቀ የካርዱ ሜሞሪ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

ዊንዶውስም የራሱ መዝገብ አለው። ስታርት ላይ «ኢቨንት ቪውወር» ብላችሁ ፈልጉ። «ዊንዶውስ ሎግስ»፣ ቀጥሎ «ሲስተም» የሚለውን ክፈቱና በደብተራችሁ የጻፋችሁትን ደቂቃ ፈልጉ። 4101 ቁጥር ካገኛችሁ ድራይቨሩ ቆሞ ተመልሷል። «ከርነል-ፓወር» እና 41 ቁጥር ካገኛችሁ ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ ጠፍቷል ማለት ነው። 41 ለምን እንደጠፋ አይነግራችሁም። ብዙ ሰው 41ን አይቶ ብቻ ፓወር ሰፕላይ ይገዛል። አትቸኩሉ።

3. ሙቀቱን ለኩ

ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም አውርዱ። ነጻ ነው። «ሴንሰርስ» የሚለውን ክፈቱና ወደ ካርዱ ክፍል ውረዱ። የካርዱን ዋና ሙቀት፣ «ሆት ስፖት» የሚለውን (የቺፑን በጣም የሞቀ ነጥብ) እና፣ ካርዳችሁ የሚያሳይ ከሆነ፣ የሜሞሪውን ሙቀት ተመልከቱ። ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን ወደ ፋይል መመዝገብ ይችላል። ይህን አብሩት። ኮምፒውተሩ ሲወድቅ የፋይሉ የመጨረሻ መስመሮች ከመውደቁ በፊት ምን እንደነበረ ያሳዩአችኋል።

ዋናው ሙቀት ሥራ ላይ ከ85 ዲግሪ በታች ቢሆን ደስ ይለኛል። ኤንቪዲያ የሚባለው ኩባንያ ካርዶች ብዙዎቹ 83 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን መቀነስ ይጀምራሉ። ሆት ስፖቱ ከዋናው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢበልጥ ጤነኛ ነው። ልዩነቱ ከ25 ካለፈ በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ተርማል ፔስት ደርቋል ወይም ማቀዝቀዣው በደንብ አልተቀመጠም ማለት ነው።

እዚህ ጋ የከተማችንን ነገር አስቡ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ማለፉ ለኛ የተለመደ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ክፍል ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ካርድ የሚቀዘቅዘው በክፍሉ አየር ነው። ክፍሉ በ10 ዲግሪ ከሞቀ ካርዱም በዚያው ልክ ይሞቃል። ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ሐረር ያለችግር ሲሠራ የኖረ ኮምፒውተር ወደ 1,200 ሜትር ወርዶ ድሬ ሲገባ መታመም ሊጀምር ይችላል። ሐረር ያላችሁም ብትሆኑ ይህን ደረጃ አትዝለሉት፤ ሙቀቱ ቢቀንስም አቧራው አይቀርም።

ቀላሉ ሙከራ ይኸውላችሁ። የኬዙን የጎን መዝጊያ አውጡ። የጠረጴዛ ፋን ፊት ለፊቱ አቁማችሁ ወደ ውስጥ ይንፋ። ከዚያ ያንኑ ጌም፣ ያንኑ ሬንደር በያው ሰዓት ሞክሩ። መቋረጡ ከቀረ ጥፋቱን አገኛችሁት። ፋኑ እንዲህ ለዘላለም ይቁም ማለቴ አይደለም፤ ይህ ምርመራ ብቻ ነው።

4. አቧራውን አውጡ

ኮምፒውተሩን አጥፉ። ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ። ከነቀላችሁ በኋላ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙት፤ የቀረው ኃይል ይውጣ። ውስጡን ከመንካታችሁ በፊት ቀለም ያልተቀባውን የኬዙን ብረት ንኩ። ሰውነታችን ላይ ያለው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ዕቃ ይጎዳል። በተለይ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣችሁ አትሥሩ።

የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው እንዴት እንደሚነሳ ቀዚራ ወይም መጋላ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። ያ አሸዋ በመስኮት ይገባል፣ ከኬዙ ፋን ጋር ይሽከረከራል፣ መጨረሻው የካርዱ ማቀዝቀዣ ብረቶች መሀል ነው።

የገንደ ቆሬውን ልጅ ካርድ ስንፈታው ከፋኖቹ ላይ ያን ያህል የሚታይ ነገር አልነበረም። ልጁም «እኔ ሁልጊዜ እጠርገዋለሁ» አለኝ። እውነቱን ነበር፣ ላዩን ይጠርግ ነበር። የፋኖቹን ሽፋን አራት ብሎን ፈትተን ስናነሳው ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ወጣ። ብረቶቹን ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ፣ እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ ያለ ግራጫ ንጣፍ። በወረንጦ ከአንድ ጥግ ያዝኩና ሳብኩት። ሳይቆራረጥ በአንድ ላይ ተነስቶ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ከሥሩ ደቃቅ አሸዋ ፈሰሰ። ልጁ በጣቱ ነካ አድርጎ ዝም አለ።

ፋኖቹ ይዞሩ ነበር፣ ንፋሱ ግን ወደ ብረቱ አይደርስም። ከጠረግነው በኋላ በያው ጌም ከ88 ወደ 72 ዲግሪ ወረደ። የአጎቱን ገንዘብ መለሰ።

አጠራረጉ እንዲህ ነው። ለስላሳ የቀለም ብሩሽና በእጅ የሚነፋ ወይም የኤሌክትሪክ ብሎወር ይበቃል። ስትነፉ ፋኑን በጣታችሁ አጥብቃችሁ ያዙ፤ በንፋስ ከመጠን በላይ ከዞረ ኩሽኔታው ይበላሻል። በአፋችሁ አትንፉ፣ ምራቅ ይገባል። የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ያላቸው ጋ የሚወስዱ አሉ። አልመክርም። ንፋሱ በጣም ኃይለኛ ነው፣ ከቱቦውም ውሃና ዘይት ይወጣል። እርጥብ ጨርቅም ወደ ካርዱ አታስጠጉ።

ተርማል ፔስት መቀየር የሚያስፈልገው ሆት ስፖቱ ከላይ ባልኩት ልክ ከራቀ ወይም ካርዱ ብዙ ዓመት ካለፈው ነው። አሮጌውን በአይሶፕሮፒል አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ አጽዱ። አዲሱን ቺፑን ሙሉ በሙሉ በሚሸፍን ስስ ልክ አድርጉ። ሜሞሪዎቹ ላይ ያሉትን ለስላሳ ፓዶች ግን ካልተቀደዱ አትንኩ። ውፍረታቸው ይለያያል። አንዱ 1 ሚሊሜትር፣ ሌላው 2 ሊሆን ይችላል። በተሳሳተ ውፍረት ከተኩት ማቀዝቀዣው ቺፑ ላይ አይገጥምም፣ ከበፊቱም ይብሳል። ብሎኖቹን አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ ተቃራኒ ተቃራኒውን ትንሽ ትንሽ እያላችሁ አጥብቁ።

ኮምፒውተሩንም ከወለል አንሱት። ከግድግዳው አርቁት። ቁም ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ የሚቀመጥ ኮምፒውተር የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ነው የሚተነፍሰው።

5. መብራቱን ፈትሹ

ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። ሬንደሬ በየጊዜው ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ይሞት ነበር። በየቀኑ ግን አይደለም። ካርዱን ጠረግሁ፣ ድራይቨር ቀየርኩ፣ አልተለወጠም። ከዚያ ደብተሬን ሳየው ማክሰኞ፣ ዓርብ፣ ማክሰኞ፣ ዓርብ ይላል። ግቢያችን ውስጥ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ነው።

በሚቀጥለው ዓርብ መልቲሜትር ይዤ ሶኬቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። 214 ቮልት ይላል። የሚጋግሩት እትዬ ምጣዱን ሲሰኩት ቁጥሩ 186 ላይ ወረደ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፣ የግቢው ገመድ ደግሞ ቀጭንና አሮጌ ነው። ነገሩን ስነግራቸው ደነገጡ። «አንተ ልጅ፣ እኔ ነኝ እንዴ ስቆርጥብህ የኖርኩት?» አሉ። ጥፋቱ የሳቸው እንዳልሆነ፣ የገመዱና የኔ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ እንደሆነ አስረዳኋቸው። ቢሆንም እስካሁን ሊጋግሩ ሲሉ በመስኮት ይጠሩኛል።

መልቲሜትር ካላችሁ በመጀመሪያ ሶኬቱን ለኩ። መራጩን ተለዋጭ ቮልት ላይ፣ ከ250 በላይ በሚለካው ላይ አድርጉት። የመለኪያውን ብረት በጣታችሁ አትንኩ። ያላመዳችሁ ከሆነ ኤሌክትሪሺያን ይለካላችሁ፤ ይህ ቀልድ የለውም። መሆን ያለበት 220 አካባቢ ነው። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ለክታችሁ ጻፉ።

ከዚያ ከግድግዳው እስከ ኮምፒውተሩ ያለውን መንገድ ተከተሉ። ኤክስቴንሽን ላይ ሌላ ኤክስቴንሽን ተሰክቷል? ፍሪጁ፣ ማሞቂያውና ኮምፒውተሩ አንድ ላይ ናቸው? ሶኬቱ ስትነኩት ይሞቃል? ኮምፒውተሩን ብቻውን ቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። ወዲያውኑ የሚለቅበት ጊዜ አለ።

ስታቢላይዘር ካላችሁ ድምፁን ስሙ። ቀጭ ቀጭ ሲል ውስጡ ያለው ሪሌ እየቀያየረ ነው። በዚያች ቅጽበት ኃይሉ ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይቋረጣል። ደህና ፓወር ሰፕላይ ይህን በሆዱ ባለው ኃይል ያልፈዋል፤ 16 ሚሊ ሰከንድ ገደማ መቆየት ይጠበቅበታል። ደካማው ካርዱ በሙሉ ጉልበት እየሠራ ሳለ አይችለውም። መቋረጡ ከቀጭታው ጋር እኩል የሚመጣ ከሆነ ጥርጣሬያችሁ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ይሁን።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን) ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቁጥሩ ነው። 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከ360 እስከ 390 ዋት ብቻ ነው የሚሸከመው። ትልቅ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ጌም ላይ ሆኖ መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ጮሆ አብሮ ቢጠፋ ዩፒኤሱ አልተበላሸም፤ ከአቅሙ በላይ ጭነውበት ነው።

6. ፓወር ሰፕላይና ኬብል

ካርዳችሁ ምን ያህል እንደሚስብ እወቁ። ጂቲኤክስ 1650 በ75 ዋት ይኖራል። አርቲኤክስ 3060 170 ዋት ነው፤ ኤንቪዲያ ለሱ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። አርኤክስ 580 ወደ 185 ዋት ነው። እነዚህ ቁጥሮች አማካይ ናቸው። ካርድ ለሚሊ ሰከንዶች ከተጻፈበት በላይ ይስባል፣ ደካማው ሰፕላይ የሚወድቀው ያኔ ነው።

ላዩ ላይ 600 ዋት ተጽፎ ክብደቱ እንደ ባዶ ቆርቆሮ የቀለለ ሰፕላይ አትመኑ። ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አንብቡ። ለካርዱ የሚጠቅመው 12 ቮልት የሚለው መስመር ነው። እዚያ ያለውን አምፒር በ12 አባዙት። ውጤቱ 300 ዋት ቢወጣ፣ በትልቁ የተጻፈው 600 ለካርዳችሁ ምንም አይፈይድም። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀያየሪያ ካለው ደግሞ የቆየ አሠራር ነው፤ የቮልት መውረድን ብዙም አይችልም። መቀያየሪያው 230 ላይ መሆኑን አረጋግጡ። 115 ላይ ሆኖ ቢሰካ ሊፈነዳ ይችላል።

የካርዱ ማስገቢያ በማዘርቦርዱ በኩል እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ባለ 6 ፒን ኬብል 75፣ ባለ 8 ፒን ኬብል 150 ዋት ይጨምራል። ካርዱ ሁለት መሰኪያ ካለው ከሰፕላዩ ሁለት የተለያዩ ኬብሎች አምጡ። ከአንድ ኬብል ጫፍ ላይ ሁለት ራስ የተንጠለጠለውን ከመጠቀም ተቆጠቡ። ከሞሌክስ (ከአሮጌው ባለ 4 ፒን መሰኪያ) ወደ 8 ፒን የሚቀይረውንም አስወግዱ። መሰኪያውን ነቅላችሁ ውስጡን በስልክ መብራት ተመልከቱ። ቡኒ የሆነ ወይም የቀለጠ ፒን ካያችሁ እዚያው አቁሙ።

ሰፕላዩን ራሱን በጭራሽ አትክፈቱ። ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ውስጥ የሚገድል ኃይል ይቆያል።

7. ካርዱን ነቅላችሁ መልሱ

ቀላል ነው፤ ግን ይሠራል። በተለይ ኮምፒውተሩ በቅርቡ በመኪና ወይም በባጃጅ ከተጓዘ። ብሎኑን ፍቱ፣ ከማስገቢያው ጫፍ ያለችውን መቆለፊያ ተጫኑ፣ ካርዱን ቀጥ አድርጋችሁ አውጡ። ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ነጭ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ፈግፍጉ፣ ብናኙን በብሩሽ አራግፉ። ስትመልሱት ቀጭ ብሎ መቆለፉን ስሙ። ካርዱ ከባድ ከሆነና ጫፉ ወደ ታች ከዘነበለ ከሥሩ ድጋፍ አድርጉለት። የሞኒተሩንም ኬብል በሌላ ቀይሩ፣ ካርዱ ላይ ሌላ ቀዳዳም ሞክሩ።

8. አሁን ወደ ድራይቨር

እስካሁን ካልተገኘ ድራይቨሩን ከሥሩ ነቅለን እንተክላለን። ላዩ ላይ አዲስ መጫን አይበቃም፣ የአሮጌው ቅሪት ይቀራል።

መጀመሪያ ለካርዳችሁ የሚሆነውን ድራይቨር ከኤንቪዲያ ወይም ከኤኤምዲ ገጽ አውርዳችሁ ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጡ። ዲዲዩ የሚባለውን የድራይቨር ማጽጃ ፕሮግራምም አብራችሁ አውርዱ። ከዚያ ኢንተርኔቱን አጥፉ። ይህችን አትርሱ፤ ካልጠፋ ዊንዶውስ በመሀል የራሱን ድራይቨር ይጭናል። ኮምፒውተሩን በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ በሆኑ ነገሮች ብቻ በሚነሳበት) አስነሱ፣ ዲዲዩን ክፈቱ፣ አጽድቶ ሪስታርት እንዲያደርግ እዘዙት። ሲመለስ ያወረዳችሁትን ጫኑ፣ በመጨረሻ ኢንተርኔቱን መልሱ።

ችግሩ ከአዲስ ድራይቨር በኋላ የጀመረ ከሆነ አዲሱን ሳይሆን በፊት የነበረውን ጫኑ። አዲስ ሁሉ የተሻለ አይደለም።

እንደኔ ሬንደር የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ከላይ ያልኩትን የ2 ሰከንድ ገደብ በሬጂስትሪ (በዊንዶውስ የቅንብሮች መዝገብ) ውስጥ ማስረዘም ይቻላል፤ «ቲዲአር ዲሌይ» ይባላል፣ 8 ወይም 10 ማድረግ የተለመደ ነው። ከባድ ሥራ የያዘ ጤነኛ ካርድ ጊዜ እንዲያገኝ ይረዳል። የታመመ ካርድን ግን አይፈውስም።

9. ካርዱን አረጋጉት

ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን ጫኑ። ካርዱ የኤምኤስአይ ባይሆንም ይሠራል። «ፓወር ሊሚት» የሚለውን ከ100 ወደ 80 አውርዱ። ብዙ ጊዜ የምታጡት ፍጥነት ትንሽ ነው፣ የምታገኙት ቅዝቃዜ ግን ብዙ። በድሬ ግንቦት እኔ ሁሌም እንዲህ ነው የምጠቀመው።

ካልበቃ የኮሩን (የካርዱን ዋና ቺፕ) ፍጥነት 50፣ ከዚያ 100 ሜጋኸርትዝ ቀንሱ። በሌላ ቀን ደግሞ ኮሩን መልሳችሁ ሜሞሪውን 200 ቀንሱ። በየትኛው እንደተረጋጋ ጻፉ። ዝግ ሲል ብቻ የሚረጋጋ ካርድ አርጅቷል ወይም በቂ ኃይል አያገኝም። እንዲህ ሆኖም ዓመታት ሊያገለግል ይችላል።

መረጋጋቱን ለመፈተን ፈርማርክ ወይም ኦሲሲቲ የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉ። ፈርማርክ ካርዱን ክፉኛ ያሞቃል። አብርታችሁ ወደ ሻይ ቤት አትሂዱ። ዓይናችሁ ቁጥሩ ላይ ይሁን፣ 90 ከደረሰ ዝጉት።

10. ካርዱን የሚያስከስሱ ሌሎች

አንዳንዴ ጥፋተኛው ራሙ ነው። ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚለውን (ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥነውን) አጥፍታችሁ ሁለት ቀን ተጠቀሙ። መቋረጡ ከቀረ ካርዱን ይቅርታ ጠይቁት። ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስት86 በፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ሌሊቱን ሙሉ ማስፈተሽም ጥሩ ነው።

ሌላው የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ነገር ነው። ከፍተኛ ከሆኑት አንዳንዶቹ ከመጠን ያለፈ ቮልት እያገኙ ይጎዱ እንደነበር ኢንቴል በ2024 እ.ኤ.አ. አምኗል፣ ማስተካከያውንም በባዮስ በኩል ለቋል። የሚገርመው ምልክቱ ነው። ጌሙ ሲወድቅ «የቪዲዮ ሜሞሪ አልቋል» የሚል መልእክት ያወጣ ነበር። ያነበበ ሁሉ ካርዱን ይጠረጥራል፣ ጥፋቱ ግን የፕሮሰሰሩ ነበር። እንዲህ ያለ ፕሮሰሰር ካላችሁ የማዘርቦርዳችሁን ባዮስ አዘምኑ። ባዮስ ስታዘምኑ ግን መብራት እንዳይሄድባችሁ ዩፒኤስ ላይ ሁኑ።

11. ማረጋገጫውና ከዚያ በኋላ

የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው መለዋወጥ ነው። ካርዳችሁን የጓደኛ ኮምፒውተር ላይ፣ የሱን ደግሞ የናንተ ላይ። ካርዱ እዚያም ከወደቀ ካርዱ ነው። እዚያ ሰላም ከሆነና የሱ ካርድ እናንተ ጋ ከወደቀ ሰፕላያችሁ ወይም ማዘርቦርዳችሁ ነው።

የሞተ ካርድ ኦቭን ውስጥ ጋግሩት የሚል ምክር ትሰማላችሁ። አታድርጉት። ለጥቂት ቀን ቢነሳም ይመለሳል፣ የሚወጣው ጭስም ምግብ በሚበስልበት ምድጃ ውስጥ መግባት የለበትም። ቺፕ ነቅሎ የሚተክል ማሽን ያለው ባለሙያ ካለ ሜሞሪ መቀየር ይቻላል፤ ዋጋውን ከካርዱ ጋር አወዳድሩ።

ያገለገለ ካርድ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዙ ሳይሞከር ገንዘብ አትክፈሉ። ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በካርድ መቆፈር (በካርዶች ስሌት አዲስ ገንዘብ ማውጣት) ሲያቆም እጅግ ብዙ ካርዶች ወደ ገበያ ወጥተዋል። ቀን ከሌሊት ሲሠሩ የኖሩ ስለሆኑ ፋናቸውና ፓዳቸው ያረጀ ነው። ጂፒዩ-ዚ የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። አሮጌ የኤንቪዲያ ካርድ ባዮሱ ተለውጦ በአዲስ ስም የሚሸጥ ከሆነ ስሙ ፊት «ፌክ» ብላ ትጽፍባችኋለች። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ከባድ ነገር ይሥራ። ሻጩ «ይሠራል፣ እመነኝ» ቢላችሁም በትሕትና ግማሽ ሰዓቷን ጠይቁ።

ገዝታችሁም ሆነ ለጥገና ወደ አዲስ አበባ ስትልኩ ካርዱን ከኬዙ ውስጥ አውጡት። በፀረ-ስታቲክ ከረጢት፣ ከዚያ በስፖንጅ ጠቅልሉት። ባጃጅ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ እግራችሁ ሥር ሳይሆን ጭናችሁ ላይ ይሁን።